አሚን የተባለለት ባክቴሪያ

አሁን የማወጋችሁን ነገር አዛብቼ አስታውሼው ሊሆን ይችላል። ይህን ከወዲሁ ማወቅ መብታችሁ ነው። ነገሩ የሆነው ከጦርነቱ በፊት፣ ካርቱም ገና በሰው ተሞልታ ሳለች ነው። ያን ዕለት አብረውኝ ከነበሩት ሴቶች ታላቋ ዛሬ ፖርት ሱዳን ናቸው፣ ታናሿ ኮምቦልቻ ገብታለች። ሁለቱንም በስልክ ጠይቄ ሁለት የማይገናኝ ታሪክ ነገሩኝ። የእኔ ሦስተኛው ነው። ሦስቱን ሰምቶ የሚፈርድ ዳኛ ስለሌለ ብዕሩን የያዘው ረታ።

ሰው በሁለት ይከፈላል ብዬ ልጀምር ነበር፤ ምናልባት በሦስት ይሆናል ብዬ ተውኩት። ለጊዜው ሁለቱን ልንገራችሁ። በር ቆልፎ የሚሄድ ሰው አለ። በር ቆልፎ ሄዶ፣ ከመንገድ ተመልሶ፣ መቆለፉን በእጁ ነቅንቆ አረጋግጦ፣ ትንሽ እንደሄደ ደግሞ «ስነቀንቀው ከፍቼው ይሆን?» ብሎ መሀል መንገድ ላይ የሚቆም ሰው አለ። እኔ ይሄኛው ነኝ። እንዲህ ያለ ሰው መሐንዲስ ቢሆን ደግ ነው፤ ድልድዩ አይወድቅም፣ አልቆም ይላል እንጂ። እንዲህ ያለ ሰው በምንም ዓይነት ሊማረው የማይገባ ነገር ቢኖር ግን ማይክሮባዮሎጂ ነው።

ለምን ቢሉ፣ ትምህርቱ የማይታይ ነገር ነው። ልብ ካላየ ዓይን አያይም ይላሉ። እዚህ ግን ዓይን ምንም አያይም፤ ልብ ነው ያለ ዕረፍት የሚያየው። ደሴ የላቦራቶሪ ትምህርት ጀምሬ ሳልጨርሰው በመተማ በኩል ሱዳን ከመግባቴ በፊት የተማርኩት ትንሽ ነው፤ ግን ሕይወቴን ለማበላሸት በቂ ነበር። ሰው ሰላም ሲለኝ እጁን ሳይሆን በእጁ ላይ ያሉትን ነዋሪዎች ነው የምጨብጠው። ጉርሻ ሲመጣ አፌ ይከፈታል፣ ነፍሴ ግን ወደ ኋላ ትሸሻለች።

ከሁሉም የከፋብኝ የካርቱም ዚር ነበር። ዚር ማለት ትልቅ የውሃ ጋን ነው፤ በየዛፉ ጥላ፣ በየግቢው በር በብረት መቀመጫ ላይ ይደረደራል። ላቡን እያንጠፈጠፈ ውሃውን ያቀዘቅዛል። አላፊ አግዳሚው ሁሉ ይጠጣለታል። ብዙውን ጊዜ ሰዎች የሚያቆሙት ለሞተ ዘመዳቸው ነፍስ ነው፤ ከፋይ የለም፣ ጠጪው ለባለ ዚሩ ዱዓ አድርጎ ይሄዳል። እንዲህ ያለ ደግነት በሌላ ከተማ አላየሁም። ችግሩ ኩባያው አንድ መሆኑ ነው። በሰንሰለት ታስሮ ተንጠልጥሏል። ረክሻ የሚሉትን ባጃጅ የሚነዳው ይጠጣበታል፣ ትራፊክ ፖሊሱ ይጠጣበታል፣ ሳል የያዛቸው አዛውንት ይጠጡበታል፣ ቀጥሎ የረክሻ ነጂው ይደግማል። ሌላው ሰው በኩባያው ጠርዝ ላይ ውሃ ያያል። እኔ ሕዝብ አያለሁ። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ሐጅ ዩሱፍ የሚባል ሰፈር ሲሚንቶ ተሸክሜ፣ ምላሴ እንደ ጫማ ሶል ደርቆ፣ ዚሩን በአክብሮት ሰላም ብዬው አልፋለሁ።

ታዲያ እንዲህ ያለው ሰው አስተማሪ ሆነ። እንዴት ሆነ አትሉም?

ጦይባ የወሎ ልጅ ናት። ቡሪ ሰፈር ውስጥ አንድ ባለ ሦስት ፎቅ ቤት ታጸዳ ነበር። ሦስት ፎቅ ለባለቤቱ ኩራት ነው፤ ለምትወለውለው ሰው ግን ሁሉም ነገር ደረጃ ነው። የቤቱ አሮጊት ስኳር ስለነበረባቸው ጦይባ ናሙናቸውን ይዛ እዚያው ሰፈር ወዳለች ትንሽ ላቦራቶሪ ትመላለሳለች። የላቦራቶሪዋ ባለቤት ሸምገል ያሉ ሱዳናዊት ሐኪም ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ «ዶክቶራ» ይላቸዋል። አንድ ቀን እኚህ ሴት ጦይባን መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩአትና፣ ረዳት እፈልጋለሁ አሏት። የማይክሮባዮሎጂን መጀመሪያ መጀመሪያውን አጥንተሽ ከኢድ በኋላ ባለው ጁምዓ ነይ፣ በቃል እጠይቅሻለሁ፣ ከመለስሽ እያሠለጠንኩ እቀጥርሻለሁ፣ ካልመለስሽ ግን የእህቴ ልጅ ለቦታው እየጠበቀች ነው አሏት።

ነገሩ ይኸው ነው። ከመለሰች ነጭ ጋዎን፤ ካልመለሰች ሦስቱ ፎቅ እዚያው አሉ፣ የትም አይሄዱም።

ጦይባ በቀጥታ ወደ እኔ መጣች።

«አንተ ይሄን ነገር ተምረሃል አይደል?»

«ተምሬያለሁ ለማለት… ሁለተኛውን ዓመት ሙሉ በሙሉ አልጨረስኩም፤ የጨረስኩትንም ቢሆን…»

«አዎ ነው አይደለም?»

«አዎ።»

«በቃ፣ ኡስታዝ ነህ።»

ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል። እኔን ግን ተማር ሳይሉኝ ጠመጠሙልኝ።

የምንማረው በየጁምዓው ሳጃና ሰፈር፣ እትዬ ሐዋ ቤት ነበር። እትዬ ሐዋ ካርቱም ብዙ ዘመን የኖሩ፣ በሥራ ቀን መንገድ ዳር ሻይ የሚሸጡ ሴት ናቸው። በሰው ቤት የሚሠሩ የወሎ ልጆች የዕረፍት ቀናቸውን የሚያሳልፉት እሳቸው ክፍል ውስጥ ነው። ስለዚህ ጦይባን ብቻ ላስተምር ሄጄ ክፍል ሙሉ ሴት ጠበቀኝ። አንዷ ፀጉር ትሠራለች፣ አንዷ ሂና ትቀባለች፣ ሉባባ የምትባለዋ ደግሞ በእኔ ላይ ለመሳቅ ተመቻችታ ተቀምጣለች።

ጉሮሮዬን ጠረግሁ። «ባክቴሪያ አንድ ሕዋስ ያለው ሕይወት ያለው ነገር ነው።»

ጸጥታ።

ደገምኩት። ከሂናው ቀና ያለች የለም። ጦይባ ራሷ አፌን እያየች ነው እንጂ ነገሩ ወደ ውስጥ እንዳልገባ ያስታውቃል። ይሄኔ እትዬ ሐዋ ጣልቃ ገቡ።

«አንተ ልጅ፣ እንዲህ ነው እንዴ ነገር የሚነገረው? አሚን ያልተባለበት ነገር የት ይደርሳል? ሜዳ ላይ ነው የሚቀር!»

ወሎን የማታውቁ ብትኖሩ፣ እዚያ ዱዓ የሚደረገው በቅብብል ነው። አንዱ ይመርቃል፣ ሌላው ሁሉ አሚን ይላል። መራቂው አንዷን ሐረግ ጥሎ አሚኑን ይጠብቃል፤ አሚኑ ሲመጣ እሱን ተደግፎ ወደሚቀጥለው ይሻገራል። ክርስቲያኑ ጎረቤት ሳይቀር ያውቅበታል፤ እኔም በዚያው ነው ያደግሁት። ለትምህርት ይሆናል ብሎ ያሰበ ግን ከእትዬ ሐዋ በፊት ያለ አይመስለኝም። እርግጠኛ አይደለሁም።

«እሺ» አልኩ። «ባክቴሪያ አንድ ሕዋስ ነው።»

«አሚን!»

«ኒውክለስ የለውም።»

«አሚን!»

«ምስኪን! አላህ ይስጠው» አለች ሉባባ።

«አያስፈልገውም፤ ያለ እሱም ይኖራል።»

«አሚን!»

እመኑኝ፣ ከዚያ ወዲያ ትምህርቱ እንደ ክረምት ጎርፍ ወረደ። በቅርጹ ክብ አለ፣ ዘንግ አለ፣ ጥምዝ አለ። አሚን። ክቦቹ አንዳንዴ እንደ ወይን ዘለላ ይከማቻሉ፣ አንዳንዴ እንደ ሙስበሃ መቁጠሪያ ተሰካክተው ይደረደራሉ። አሚን፣ አሚን። ክፉ ጊዜ ሲመጣባቸው አንዳንዶቹ ጠንካራ ቅርፊት ውስጥ ተጠቅልለው ይተኛሉ፤ ሞቱ ሲሏቸው አይሞቱም፣ ሲመቻቸው ይነሣሉ አልኩ። «ይሄስ አንተና ጓደኞችህ ናችሁ» አለች ሉባባ፤ «ሊቢያ እንሄዳለን እያላችሁ ብርድ ልብስ ውስጥ ተጠቅልላችሁ የከረማችሁት።» ቫይረስ በራሱ ሕዋስ አይደለም፣ ብቻውን አይራባም፣ ሰው ቤት ገብቶ ነው የሚራባ ስል ደግሞ፣ «እኛ ይሄን ያህል ዘመን ሰው ቤት ገብተን መቼ ወለድን!» ብላ ክፍሉን አፈረሰችው። ትምህርቱ ለጥቂት ጊዜ ቆመ። እኔም ሳቄን መያዝ አልቻልኩም።

ሁሉም ባክቴሪያ ክፉ አይደለም፣ አብዛኞቹ ሆዳችን ውስጥና ቆዳችን ላይ በሰላም ይኖራሉ፣ የሚያሳምሙን ጥቂቶቹ ናቸው፣ አንቲባዮቲክ ግን ደጉንም ክፉውንም አብሮ ሊገድል ይችላል ያልኩ ጊዜ ማብራሪያ የሰጡት እትዬ ሐዋ ናቸው። «ልክ እንደ ከሻ ነዋ!» አሉ። ከሻ ማለት የፖሊስ አፈሳ ነው፤ ኢቃማ ደግሞ የመኖሪያ ፈቃድ። «ኢቃማ ያለውንም የሌለውንም፣ ሻይ የሚሸጠውንም ሌባውንም፣ በአንድ ቦክስ መኪና ጭኖት ይሄዳል።» እንዲህ ያለ ማብራሪያ በትምህርት ቤት አልሰማሁም። ሁላችንም በአንድ ድምፅ አሚን ካልን በኋላ ለምን እንዳልን ግራ ገባን፤ እትዬ ሐዋ «አላህ ይጠብቀን» ብለው አስተካከሉት።

ከባዱ የቀለም ምርመራው ነበር። ባክቴሪያዎችን በሁለት የሚለየው የግራም ቀለም የሚባለው ነው። እሱንም በልብስ አስረዳሁ። አንደኛው ዓይነት ወፍራም ጋቢ የለበሰ ነው። ሁለተኛው ስስ ቀሚስ ለብሶ ከላይ ቶብ የጣለ ነው፤ ሱዳናውያን ሴቶች የሚከናነቡትን ማለቴ ነው። መጀመሪያ ሁለቱንም ወይንጠጅ ቀለም እንነክራቸዋለን፤ እናቶቻችን በልጅነታችን አፋችን ሲቆስል የሚቀቡን ዓይነት ወይንጠጅ። አሚን። ቀጥሎ ቀለሙ እንዲይዝ አዮዲን እንጨምራለን። አሚን። ሦስተኛ በአልኮል እናጥባለን፤ ጋቢ የለበሰው ወይንጠጁን ይዞ ይቀራል፣ የወዲያኛውን ግን አልኮሉ ቶቡን ያስወልቀውና ቀለሙ ይለቃል።

«አልኮል ምን የማያስወልቀው አለ!» አለች ሉባባ።

አሚን። በመጨረሻ ቀይ ቀለም፣ ሳፍራኒን፣ እንጨምራለን፤ የለቀቀው ቀይ ይሆናል። ሳፍራኒን ስላልነበረኝ ብርጭቆ ከርከዴ፣ ቀዩን የአበባ ሻይ፣ ከፍ አድርጌ አሳየሁ። አሚን ተባለና ከርከዴው ተጠጣ።

ከፈተናው በፊት በነበረው የመጨረሻ ጁምዓ ጦይባ አንድ ጥያቄ ጠየቀች። «አልኮሉ ቢበዛስ? ብዙ ቢቆይበትስ?»

ደነገጥኩ። እዚያ ገጽ ላይ ደርሼ ነበር ወይስ አልነበረም? «ይመስለኛል… ይመስለኛል ነው ያልኩት… ያን ጊዜ ጋቢ የለበሰውም ቀለሙን ይለቃል። ግን እርግጠኛ አይደለሁም። ከጠየቁሽ አላውቅም በይ።»

«አሚን እንበል ወይስ አንበል?» አለች ሉባባ።

«እስካጣራ ይቆይ።»

ከአስተማርኩት ሁሉ አሚን ሳይባልላት የቀረች ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ናት። ያዙልኝ።

የፈተናው ጁምዓ ደረሰ። እትዬ ሐዋ፣ ሉባባና እኔ ከሳጃና በረክሻ ተጭነን ቡሪ ሄድን። ጦይባ አዲስ ቶብ ለብሳ በር ላይ ጠበቀችን። እትዬ ሐዋ ጭንቅላቷን ይዘው «አላህ ያግራልሽ፣ አፍሽን ይፍታልሽ» ሲሏት አሚን አልን፤ ገባች። እኛ ከውጭ፣ በኒም ዛፍ ጥላ ሥር ቀረን። ዛፉ ሥር ምን አለ? ዚር። ከዚሩ በላይ ምን አለ? የዶክቶራ መስኮት። መብራት ስለጠፋ ማቀዝቀዣው ቆሟል፣ መስኮቱም ገርበብ ብሏል። ድምፅ ይሰማል።

እንደገባች ነው የጀመረኝ።

«እትዬ ሐዋ፣ አዮዲን ሁለተኛ ነው ያልኩት ወይስ ሦስተኛ?»

«እኔ ምን አውቄ፤ አሚን ብያለሁ።»

«ሁለተኛ ነው ያልከው» አለች ሉባባ።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ነበርኩ። አንተ ስትጠይቀኝ ጠፋብኝ!»

የእናንተንም ላብ ጨምሮ አላበኝ ብል አላጋነንኩም። በዚያው ሳምንት ቅደም ተከተሉን ከደብተሬ ደጋግሜ አረጋግጬው ነበር። ግን ያረጋገጠውን ዓይን ማን ያረጋግጥለታል? ምናልባት ጋቢና ቶቡንም አቀያይሬ ይሆናል። ምናልባት ቀዩን ወይንጠጅ፣ ወይንጠጁን ቀይ አድርጌ፣ ይህቺን ምስኪን በክፍል ሙሉ አሚን ወደ ጥፋት ሸኝቻት ይሆናል። ስልኬን አወጣሁ፤ ኔትወርክ የለም። ገብቼ ልንገራት ብዬ ወደ በሩ ስሄድ ዘበኛው ከተኛበት አንገረብ ሳይነሣ «ያ ዞል!» አለኝ። ይሄ በሱዳን «አንተ ሰው» ማለት ነው፤ ከዘበኛ አፍ ሲወጣ ግን ትርጉሙ ይረዝማል። ተመለስኩ።

ከመስኮቱ የዶክቶራ ድምፅ መጣ። ፈተናው በዓረብኛ ነው፤ የእኔ ዓረብኛ ከሲሚንቶና ከአሸዋ ስለማያልፍ እትዬ ሐዋ እየተረጎሙ ነው የምሰማው። ባክቴሪያ ምንድን ነው ተባለች።

«አንድ ሕዋስ ነው» አለች ጦይባ።

ከዚያ ቆመች።

ዶክቶራ ጠበቁ። ጦይባም ጠበቀች። ኒሙ ላይ አንዲት ወፍ ጮኸች።

«ይኸው ነው?» አሉ ዶክቶራ።

ጸጥታ።

«ምን ነካት? ታውቀው የለም ወይ?» አለች ሉባባ ቶቧን እያኘከች። እኔ በልቤ ደሴ ድረስ ሸሽቼ ነበር። እትዬ ሐዋ ግን ሲደርሱ ጠምቷቸው ከዚሩ ቀድተው ሲጠጡ ነበርና ኩባያውን ከአፋቸው አውርደው ዓይናቸው ፈጠጠ።

«ወይ ጉድ! አሚን የሚላት የለማ!»

እውነት ነው! ሁሉም ነገር ጭንቅላቷ ውስጥ ነው፤ ግን አሚን እየተባለበት የተገነባ ነገር ያለ አሚን አይንቀሳቀስም። መራቂዋ ሐረጓን ጥላ ቆማለች። ይህን ስሕተት ከእኛ በቀር የሚሠራው ሕዝብ ያለ አይመስለኝም።

እትዬ ሐዋ አላመነቱም። ወደ መስኮቱ ቀና ብለው በሻይ ሻጭ ድምፃቸው፣ «አሚን!» አሉ።

ወዲያው ከውስጥ፣ «ኒውክለስ የለውም!»

«አሚን!»

«ክብ አለ፣ ዘንግ አለ፣ ጥምዝ አለ!»

«አሚን!»

መስኮቱ ብርግድ አለ። የዶክቶራ ጭንቅላት ወጣ፤ መነጽሩ አንድ፣ ቁጣው ሁለት። «ያ ጀማዓ! ዳ ሹኑ?» ምንድን ነው ይሄ ማለታቸው ነው። እኔ ዛፍ ለመምሰል ሞከርኩ። ሉባባ ከኋላዬ ገባች። ነጩ ጋዎን ዓይኔ እያየ ሲታጠፍና ወደ እህታቸው ልጅ ሲሄድ ታየኝ።

እትዬ ሐዋ ኩባያውን ከፍ አደረጉ። «ውሃ ጠጥተን ነው፣ እመቤቴ» አሉ በዓረብኛ። «ለባለ ዚሩ ዱዓ እያደረግን ነው።»

የዶክቶራ ፊት ተለወጠ። ዚሩን አዩት። ለረጅም ጊዜ ያላዩት ይመስል።

«የእናቴ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ስትሞት ነው ያቆምኩላት።»

«አላህ ጀነት ይስጣቸው!» አሉ እትዬ ሐዋ፤ ይህን ሲሉ ደግሞ ከልባቸው ነበር።

«አሚን!» አልን ሁላችንም። ዶክቶራም አሚን አሉ። ከዚያ ለዱዓ የመጣ ሰው አይከለከልም ብለው መስኮቱን እንደተከፈተ ትተው ወደ ወንበራቸው ተመለሱ።

ተረፍን አልኩ። ምን እንደተከተለ ስሙ።

«እንግዲህ» አሉ እትዬ ሐዋ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ሳልጠጣ አሚን ብል ውሸት ይሆናል። በሙታን አልቀልድም። ለእያንዳንዱ አሚን አንድ አንድ ጊዜ መጠጣት ነው።»

ተጀመረ። ጦይባ አንድ ነገር ትላለች፣ እትዬ ሐዋ ይጎነጫሉ፣ ለባለ ዚሯ ጀነት ይለምናሉ፣ አሚን እንላለን፣ ጦይባ ትቀጥላለች። ተጠቅልሎ የሚተኛው ባክቴሪያ ተጠጣለት። በሆድ የሚኖሩት ደጎቹ ተጠጣላቸው። እትዬ ሐዋ ሲደክሙ ሉባባ ተረከበች። አንድ ነገር ግን ልመስክር፤ ይሄ ኩረጃ አልነበረም። አሚናችን ለትክክሉም ለስሕተቱም እኩል ነበር። ጦይባ አንድ ቦታ ላይ ቫይረስን ሕዋስ ነው ብላ ስትሳሳት የጮኽነው አሚን ከሁሉም የበረታው ነው። ዶክቶራ ሲያርሟት ለእርማቱም አሚን አልን።

የቀለሙ ምርመራ ላይ ሲደረስ ሉባባ ሆዷን ያዘች። «እኔ ጋን ሆኛለሁ፤ ከዚህ በላይ ከጠጣሁ እኔን ነው ዛፉ ሥር የምታቆሙኝ።» እትዬ ሐዋ ደግሞ እስትንፋስ አጥሯቸው ግንዱን ተደግፈዋል።

ኩባያው ወደ እኔ ተዘረጋ።

ከውስጥ «መጀመሪያ ወይንጠጁ ቀለም…» አለች ጦይባ። ቆመች።

ኩባያውን አየሁት። ጠርዙን አየሁት። ትንሽ ቀደም ብሎ ዘበኛው ሲጠጣበት አይቻለሁ፤ ከእሱ በፊት ሁለት የረክሻ ነጂዎች። ዘለላዎቹ ታዩኝ። ሙስበሃዎቹ ታዩኝ። ዘንጎቹ ተሰልፈው እጃቸውን ሲያውለበልቡልኝ ታየኝ።

«እትዬ ሐዋ፣ ይሄ ኩባያ እኮ…»

«አውቃለሁ፣ አስተምረኸናል። ጠጣ!»

«በመዳፌ ልጠጣ?»

«መዳፍህ ላይ ያሉት ዘመዶችህ ናቸው ወይ? ልጅቷ ቆማለች፣ ጠጣ!»

ዓይኔን ጨፍኜ ጠጣሁ። እንዴት ብዬ ልንገራችሁ! ብርድ ብርድ የሚል፣ ዝናብ የነካው አፈር የሚሸት፣ የሚጣፍጥ ውሃ። ይሄን ያህል ጊዜ በጎኑ ሳልፍ ምን ስሠራ ነበር?

«አሚን!» አልኩ። ድምፄ ራሴን አስደነገጠኝ።

«ሁለተኛ አዮዲን!»

ሁለተኛ! ሁለተኛ ብዬ ነው ያስተማርኳት! በደስታ ጠጣሁ። አሚን! ሦስተኛ አልኮል፤ ጠጣሁ፤ አሚን! በመጨረሻ ቀዩ፤ አሚን! ጦይባ የምትለው አልቆባት እንኳ አንድ ለራሴ ደገምኩ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ይሄ ሳይሆን አይቀርም።

ከዚያ ዶክቶራ አንድ ነገር ጠየቁ። የእትዬ ሐዋ ፊት ከትርጉሙ በፊት ነገረኝ።

«አልኮሉ ቢበዛስ አሏት።»

ኩባያው በእጄ ላይ ከበደ። አላውቅም በይ ብያት ነበር። አላውቅም ካለች ደግሞ የመጨረሻዋን ጥያቄ ወደቀች ማለት ነው። ከውስጥ ጦይባ ረዘም አድርጋ መለሰች። እትዬ ሐዋ አፋቸውን ይዘው ሳቃቸውን አፈኑ።

«‹ኡስታዜ እርግጠኛ አይደለም፤ እኔ ግን ነኝ። ጋቢ የለበሰውም ይለቃል› አለቻቸው!»

ሁለቱም ሴቶች አዩኝ። ኩባያው ሙሉ ነው። እስካጣራ ይቆይ ያልኩት እኔ ነኝ። ጠጥቼ አሚን ብል ሳላጣራ መመስከሬ ነው፤ ዝም ብል ልጅቷ ባዶ ሜዳ ላይ ቀረች። ኩባያውን ወደ አፌ አስጠጋሁ። መለስኩት። ከውጭ ማንም አሚን አላለም።

መስኮቱ ላይ ዶክቶራ ብቅ አሉ። ከአጠገባቸው ጦይባ ጣቷን ወደ እኔ ቀሰረች። «ኡስታዜ ያ ነው። ኩባያ የያዘው።»

ዶክቶራ ከላይ እስከ ታች አዩኝ፤ ሲሚንቶ የነካው ጫማዬን፣ ውሃ የነካው ሸሚዜን። «እ፣ ኡስታዝ? ትክክል ናት?» አሉኝ።

የማውቀው የዓረብኛ ቃል ሁሉ ጠፍቶ አንድ ብቻ ቀረ። «ዩምኪን» አልኩ። ሊሆን ይችላል።

ዶክቶራ ሳቁ። መነጽራቸውን አውልቀው፣ ዓይናቸውን በቶባቸው ጫፍ እየጠረጉ፣ መስኮቱን ተደግፈው ሳቁ። ከዚያ «ኸላስ» አሉ፣ በቃ። «ጦይባ ከእሑድ ጀምራ ትምጣ፤ ጋዎን አለኝ። አንተ ግን ውሃውን ጨርስ። የእናቴ ነው።»

ሉባባ እልል ስትል ዘበኛው ከአንገረቡ ወደቀ። እኔ ጨረስኩት።

ሆዴን ከዚያ በኋላ ለብዙ ቀን በጥንቃቄ ተከታተልኩት። ሲያጉረመርም እሰማለሁ፤ ዝም ሲል ይበልጥ እጠረጥራለሁ። ምንም አልሆነም። እርግጥ፣ አንድ ጊዜ ምንም አልሆነም ማለት ምንም አይሆንም ማለት አይደለም፤ ኩባያው ያው ኩባያ ነው። ከዚያ ወዲያ ግን ያንን ዚር ሰላም ብዬ ብቻ አላለፍኩትም።

ጦይባ ሥራ ከጀመረች በኋላ አንድ ቀን ደወለችልኝ። ዶክቶራ ማይክሮስኮፑን ለቀውላት፣ ሆን ብላ አልኮሉን አቆይታ፣ በዓይኗ አየች። «አሁንስ አመንክ?» አለችኝ። ዓይኗን አላመንኩም። መጽሐፍ ፈልጌ ገጹን አወጣሁ፤ ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ዘግቼ ከፍቼ ሦስተኛ አነበብኩት። አልኮሉ ከመጠን በላይ ከቆየበት፣ ወፍራም ግድግዳ ያለው ባክቴሪያም የያዘውን ወይንጠጅ ይለቃል።

አሚን።